ጢስ የበዛበትን ሲንግል ሞልት ዊስኪ የመቅመስና የመመዘን አሠራር

በሰሜን ሸዋ ደጋ ላደገ ሰው ጢስ በመጠጥ ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም። የጠላው ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ የወተቱም ቅል እንዲሁ። ይሁን እንጂ አይላ ከምትባለው የስኮትላንድ ደሴት የሚመጣውን ጢሰኛ ዊስኪ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው፣ የደብረ ብርሃን ይሁን የመንዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱን ያደርጋል፦ ወይ «ይህማ ሬንጅ ነው» ብሎ ብርጭቆውን ይገፋል፤ ወይ ደግሞ በጢሱ ብቻ ተማርኮ «ኃይለኛ ነው» እያለ ያወድሰዋል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም መጠጡን ገና አልቀመሱትም፤ የቀመሱት ጢሱን ነው።

ይህንን ልዩነት ያስተማሩኝ ደብረ ብርሃን ውስጥ አረቄ ሲያወጡ የኖሩ አክስቴ ናቸው። ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁትን ጠርሙስ ከፍቼ «እትዬ፣ እስቲ ይህን ይቅመሱልኝ» ብዬ በመለኪያ ሰጠኋቸው። ገና ወደ አፍንጫቸው ሲያስጠጉት «የእነዚህ ሰዎች ጋን ሲታጠን ተቃጥሎባቸዋል፣ ልጄ» አሉኝ። ጥቂት ቆይተው ግን ሁለት ጠብታ መዳፋቸው ላይ አፈሰሱ፤ መዳፍ ለመዳፍ አፋተጉት፤ አልኮሉ እስኪተን ጠበቁና እጃቸውን አሸተቱ። «ብቅሉ ከሥሩ አለ፤ ደኅና ብቅል ነው» ሲሉ የመጀመሪያ ፍርዳቸውን አነሱት። ከዚህ በታች የማቀርበው አሠራር ያንኑ የመዳፍ ፈተና በሰከነ ሁኔታና በሥርዓት ለማከናወን የሚረዳ ነው፤ ይኸውም ጢሱን አልፎ ከሥሩ ያለውን ገብስና በርሜል ማግኘት፣ ከዚያም ጢሱ ከእነዚህ ጋር ተስማምቶ እንደሆነ መፍረድ ነው።

ጢሱ ከየት እንደመጣ ማወቅ

ቀማሹ ጠርሙሱን ከመክፈቱ በፊት የሚፈልገው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። የስኮትላንድ ሲንግል ሞልት በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በመዳብ ጋን ተፈልቶ የሚወጣ ዊስኪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የስኮች ዊስኪ ደንብም ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል ውስጥ ቢያንስ 3 ዓመት እንዲቆይና የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ እንዳያንስ ያስገድዳል። አሠራሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ይጠነሰሳል፣ ከዚያም እንደ ልማዱ ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ በእኛ ቋንቋ ዳግም ነው ማለት ነው። የሚለየው ጌሾ የማይገባበት በመሆኑና ከሁሉም በላይ ደግሞ ብቅሉ በሚደርቅበት መንገድ ነው።

እኛ ብቅላችንን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። አይላ ላይ ፀሐይ አይታመንም፤ ስለዚህ እርጥቡ ብቅል ወለሉ ቀዳዳ ቀዳዳ በሆነ ክፍል ይዘረጋና ከሥሩ ፒት ይነድበታል። ፒት በረግረግ መሬት ላይ የሚበቅሉ ዕፅዋት ውኃ አፍኗቸው በደንብ ሳይበሰብሱ ለሺህ ዓመታት ሲደራረቡ የሚፈጠር ጥቁር አፈር መሰል ነገር ነው፤ በዓመት የሚያድገው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ የአንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ፒት የሺህ ዓመት ክምችት ነው። በጠባብ አካፋ እንደ ጡብ እየተቆረጠ በነፋስና በፀሐይ ይደርቃል፣ ከዚያም ይከመራል። የእኛ ደጋ ሰው ከሩቅ ቢያየው የኩበት ክምር ይመስለዋል፤ ሲነድም እንደ ኩበት ነው፤ ከነበልባሉ ይልቅ ጢሱ ያይላል፣ እሳቱም ቶሎ አይሞትም። ብቅሉ ጢሱን አጥብቆ የሚይዘው እርጥብ ሳለ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ቢያጨሱት እምብዛም አይቀበልም።

በጢሱ የሚገቡት ውህዶች በአጠቃላይ ፌኖሎች ይባላሉ። ከመካከላቸው ጓያኮል የእንጨት ጢስን፣ ክሬሶል ደግሞ ሬንጅንና የቁስል መድኃኒትን የሚያስታውስ ጠረን አላቸው። መጠናቸው ፒፒኤም በሚባል መለኪያ፣ ማለትም በሚሊዮን ውስጥ ስንት እጅ እንደሆኑ ይገለጻል። ከአይላ የዊስኪ ፋብሪካዎች የቦሞር ብቅል ወደ 25፣ የላጋቩሊንና የኩል ኢላ ወደ 35፣ የላፍሮይግ ከ40 በላይ፣ የአርድቤግ ደግሞ 55 ገደማ ነው፤ ኦክቶሞር ከሚባለው ዊስኪ አንዱ እትም 309.1 የደረሰ ብቅል ተጠቅሟል። ሻጮች ይህንን ቁጥር እንደ ፈረስ ጉልበት ስለሚጠሩት ገዥው በቁጥሩ እንዳይታለል አሳስባለሁ። ቁጥሩ የተለካው ብቅሉ ላይ ነው እንጂ ጠርሙሱ ውስጥ አይደለም፤ በመጥመቁም፣ በማውጣቱም፣ በበርሜል ቆይታውም ብዙው ይቀንሳል። ላጋቩሊንና ኩል ኢላ ፖርት ኤለን ከሚገኘው አንድ የብቅል ፋብሪካ ተመሳሳይ ብቅል ሲወስዱ ኖረዋል፤ ሆኖም የመጀመሪያው ወፍራምና ከባድ፣ ሁለተኛው ቀለል ያለና ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱ ከጋኑ ቅርፅና አሞላል፣ እንዲሁም ማውጣቱ ከሚቆምበት ሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። ከባዶቹ ፌኖሎች ዘግይተው የሚመጡ በመሆናቸው ቀደም ብሎ ጅረቱን የሚቆርጥ ሠራተኛ ቀጭን ጢስ፣ ዘግይቶ የሚቆርጥ ደግሞ ወፍራም ጢስ ያገኛል። አረቄ የሚያወጡ እናቶች መቼ ማቆም እንደሚገባ በአፍንጫቸው የሚያውቁት ነገር ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዕድሜ ጢስን ያበርደዋል። የ10 ዓመቱ ከ25 ዓመቱ ይልቅ በጢስ ጎልቶ ቢገኝ የርካሽነቱ ምልክት አይደለም።

ቦታውን፣ ጊዜውንና አፍንጫን ማዘጋጀት

በዚህ ረገድ የሠራሁትን ስሕተት ብናገር አላፍርም። የመጀመሪያውን ጠርሙሴን ለመመዘን የተቀመጥኩት እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና በሚፈላበት ክፍል ነበር። አንድ ብርጭቆ ቀዳሁ፣ አሸተትኩ፣ በማስታወሻዬም ላይ «የቤተ ክርስቲያን መዓዛ፣ ሙጫ፣ የተቆላ እህል፣ እጅግ ጥልቅ ነው» ብዬ በኩራት ጻፍኩ። በማግስቱ ያንኑ ዊስኪ በሌላ ክፍል ስቀምሰው አንዱም የለም፤ ሙጫው ከማጨሻው ዕጣን፣ የተቆላው እህል ደግሞ ከቡናው ነበር።

ስለዚህ ቡና ከሚፈላበት፣ ዕጣን ከሚጨስበት፣ ኩበት ወይም ባሕር ዛፍ ከሚነድበት ቤት የተለየ ክፍል ይምረጡ። በጢስ የዋለ ጋቢ ወይም በርኖስ ለብሰው አይቀመጡ፤ በጢስ ቤት የኖረ አፍንጫ የገዛ ልብሱን ጢስ አይሰማውም፣ ነገር ግን ከብርጭቆው ጢስ ጋር አዳምሮ ይቆጥረዋል። እጅዎን ሽታ በሌለው ሳሙና ወይም በውኃ ብቻ ይታጠቡ። በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ቅቤ የበዛበት ወጥ ከበሉ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይጠብቁ። ሙያተኞች ለማሽተት የሚመርጡት ረፋዱን ነው፤ እኔ ግን ሥራ ላይ ስለምውል ከእራት በፊት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ምላሴን በነጭ ዳቦና በውኃ አጽድቼ እቀምሳለሁ። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው መሸጥ በአገራችን ሕግ የተከለከለ መሆኑን፣ ከቅምሻ በኋላም በተለይ የጣርማበርን ጠመዝማዛ መንገድ በመኪና የሚሻገር ሰው መቅመስ እንደሌለበት መናገር ትርፍ ነገር ቢመስልም እዚህ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

የደጋው ብርድ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባ በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ አልኮሉ ከብርጭቆው ለመውጣት ይፈጥናል። የምሽቱ ቅዝቃዜ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ ከባዱን መዓዛ ዘግቶ ያስቀምጠዋል። ውጤቱ አፍንጫን የሚወጋ፣ ግን ድሃ የሆነ ጠረን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ብርጭቆውን በሁለት መዳፍ መካከል አምስት ደቂቃ ይዞ ማሞቅ፣ ከዚያም ለሌላ አምስት ደቂቃ ክፍቱን ጠረጴዛ ላይ ተወት ማድረግ ይበቃል። ምድጃ ወይም ከሰል አጠገብ ማስቀመጥ ግን አይገባም፤ አልኮሉን ያባርራል፣ የከሰሉንም ጠረን ያስገባል።

ብርጭቆውና መጠኑ

የአረቄ መለኪያ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አፉ ከታችኛው ክፍል እኩል ወይም የሰፋ ስለሆነ መዓዛው ሳይጠራቀም ይበተናል። ብርሌ ደግሞ ሆዱ ትክክል ነው፣ አንገቱ ግን ረዘመ፤ አፍንጫ ሊደርስበት አይችልም። የሚፈለገው የብርሌ ሆድ ያለው፣ አንገቱ አጭር፣ አፉም ጠበብ ያለ ብርጭቆ ነው፤ በስኮትላንድ ግሌንኬርን ተብሎ የሚታወቀው የዊስኪ ብርጭቆ በቅርፁ ይኸው ነው። ካልተገኘ አነስተኛ የወይን ብርጭቆ ይተካዋል። ብርጭቆውን ሳሙና በሌለው ሙቅ ውኃ አለቅልቀው በአየር ያድርቁት፤ በማድቤት ጨርቅ የተወለወለ ብርጭቆ የሽሮ ሽታ ይዞ ሊቀርብ ይችላል።

25 ሚሊ ሊትር ይቅዱ። ከፋርማሲ የሚገዛ ባለ 5 ሚሊ ሊትር አዲስ ሲሪንጅ አምስት ጊዜ ቢሞሉ ልኩ ይመጣል፤ ሲሪንጁ ኋላ ለውኃውም ያገለግላል። በአንድ ቁጭታ ከሦስት ዓይነት በላይ አይቅመሱ፤ የሚያወዳድሩ ከሆነም ጢስ የሌለውን ወይም ቀለል ያለውን አስቀድመው፣ ከባዱን ወደ መጨረሻ ያድርጉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቀላሉ ዊስኪ በሙሉ ባዶ መስሎ ይቀራል።

በዓይን ማየት

ይህንን በአጭሩ እናልፈዋለን። የስኮትላንድ ደንብ ካራሜል የተባለ ማቅለሚያ መጨመርን ስለሚፈቅድ፣ ጠይም ዊስኪ ሁሉ በርሜል ውስጥ ብዙ ዓመት የቆየ ነው ብሎ መገመት ስሕተት ነው። ብዙ ጢሰኛ ዊስኪዎች ቦርቦን የተባለው የአሜሪካ ዊስኪ ከነበረበት በርሜል የሚወጡ በመሆናቸው እንደ ደረቅ ገለባ ነጣ ያሉ ናቸው፤ ድክመት አይደለም። ብርጭቆው ጎን ላይ የሚወርዱት መስመሮችም ስለ ውፍረቱ ጥቂት ይናገራሉ፣ ስለ ጥራቱ ግን ምንም። የአልኮል መጠኑ ከ46 በመቶ በታች የሆነ፣ ቀዝቃዛ ማጣሪያ ያላለፈ ዊስኪ በደጋው ብርድ ሊደፈርስ ይችላል፤ ይህም የተፈጥሮ ቅባቱ እንጂ ብልሽት አይደለም።

በአፍንጫ መመዘን

የሥራው ሁለት ሦስተኛ እዚህ ላይ ነው፤ አይቸኩሉ። ብርጭቆውን መጀመሪያ ከአገጭ በታች ይያዙና ጠረኑ ራሱ ወደ ላይ እስኪመጣ ይጠብቁ። አፍዎን በትንሹ ከፍተው በአፍና በአፍንጫ አንድ ላይ ቀስ ብለው ይተንፍሱ፤ አፍ ሲዘጋ አልኮሉ ይወጋል። ከዚያ ወደ ከንፈር፣ በመጨረሻም ወደ አፍንጫ ያቅርቡት። ሦስት አጫጭር ማሽተቶች ከአንድ ረጅም ይሻላሉ።

በመጀመሪያው ዙር የሚገኘው ጢስ ብቻ ነው። አይታገሉት፤ ስሙን ግን ይስጡት። «ጢስ ይሸታል» ማለት ስለ አንድ ሰው «ይናገራል» እንደማለት ያህል ባዶ ነው፤ ጢስ ብዙ ዓይነት ነውና። እኔ በአካባቢያችን ጠረኖች የሚከተለውን መለያ እጠቀማለሁ። አንደኛው የወይራ ጢስ ነው፤ ጣፋጭ፣ ንጹሕ፣ የታጠነ ቅልን የሚያስታውስ። ሁለተኛው የኩበት ጢስ ነው፤ አፈር አፈርና ሣር ሣር የሚል፣ ዝቅ ብሎ የሚሄድ። ሦስተኛው በውኃ የጠፋ ምድጃ ነው፤ እርጥብ አመድና ጥላሸት ያለው ድንጋይ። አራተኛው ሬንጅ ነው፤ አዲስ መንገድ ሲነጠፍ የሚሸተው። አምስተኛው የክሊኒክ ጠረን ነው፤ አዮዲን፣ የቁስል ፋሻ፤ የላፍሮይግ ዋነኛ ምልክት ይህ ነው፣ ብዙዎችን የሚያሸሸውም እርሱ ነው። ስድስተኛው የቋንጣ ጠረን ነው፤ ከምድጃ በላይ ተንጠልጥሎ ጢስና ስብ የተገናኙበት ሥጋ። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ከእነዚህ ሁለት ወይም ሦስት ሊገኙ ይችላሉ፤ የትኛው እንደሚቀድምና የትኛው እንደሚከተል ይጻፉ።

የአይላን ዊስኪ የሚገልጹ ሰዎች የባሕር ዳርቻ፣ የባሕር አረምና ጨው አብዝተው ያነሣሉ። ባሕር ላላየ ሰው ይህ ቃል ባዶ ነው፤ ያላሸተቱትንም አሸተትኩ ብለው አይጻፉ። በእኛ በኩል የሚቀርበው የአሞሌ ጨው ጠረን ነው፤ በጥንቱ ዘመን ከአንኮበር ሥር ባለው የአልዩ አምባ ገበያ ይሸጥ የነበረው ዓይነት የጨው ጡብ ሲረጥብ የሚሰጠው ቀዝቃዛ፣ ድንጋያማ ሽታ። የረጠበ በርኖስ ሽታም ከዚሁ ወገን ነው፤ መንዝ ውስጥ ዝናብ ላይ የዋለ እረኛ ወደ ቤት ሲገባ የሚሰማው የበግ ጠጉር ጠረን ማለቴ ነው፤ በመጠኑ ሲሆን ደስ ይላል።

አሁን ብርጭቆውን አስቀምጠው ሁለት ደቂቃ ያርፉ፤ የክርንዎን ውስጥ፣ ማለትም የገዛ ቆዳዎን ያሽትቱ። አፍንጫ በአንድ ጠረን ሲደጋገምበት ይለምደዋልና መስማት ያቆማል፤ ይህ ልማድ ለጢሰኛ ዊስኪ ቀማሽ ጠላት ብቻ ሳይሆን ወዳጅም ነው። ጢሱን የለመደ አፍንጫ ሁለተኛ ዙር ሲመለስ ጢሱ ወደኋላ ያፈገፍግለትና የተሸፈነው ይገለጥለታል። ሁለተኛው ዙር ሦስት ነገሮችን ለመፈለግ የሚውል ነው። የገብሱ ምልክት ቆሎ፣ አሻሮ፣ ትኩስ ዳቦ፣ አንዳንዴም በሶ ሆኖ ይመጣል። የጥንስሱ ምልክት ፍራፍሬ ነው፤ ሎሚ፣ ፖም፣ የበሰለ ኮክ። የበርሜሉ ምልክት ደግሞ እንደ በርሜሉ ይለያያል፤ ቦርቦን የነበረበት ቫኒላ፣ ማርና ኮኮናት፣ ሼሪ የተባለው የስፔን ወይን የነበረበት ዘቢብ፣ ቅርንፉድና የደረቀ ብርቱካን ልጣጭ ይሰጣል። ከሦስቱ አንዱም ካልተገኘ የመዳፍ ፈተናውን ይሞክሩ፦ ሦስት ጠብታ መዳፍ ላይ፣ ማፋተግ፣ አልኮሉ እስኪተን ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ፣ እጅን እንደ ጽዋ አድርጎ ማሽተት። መጀመሪያ ብቅሉ፣ ኋላ ጢሱ ይገኛል። ፈተናውን በስተመጨረሻ ማድረግ ይበጃል፤ እጅ ለቀሪው ምሽት ስለሚሸት።

በአፍ መቅመስ

የመጀመሪያው ጉንጭ ለምላስ ማስለመጃ ነው፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ወስደው ይዋጡት፣ ምንም አይፍረዱበት። በሁለተኛው ትንሽ ጨምረው ምላስዎን ሙሉ እንዲያዳርስ ያድርጉና አሥር ሰከንድ ይያዙት። ከዋጡ በኋላ አፍዎን ዘግተው በአፍንጫ ወደ ውጭ ይተንፍሱ፤ ጢሱ ሙሉ ሆኖ የሚገለጠው በዚህች እስትንፋስ ነው።

እዚህ ላይ መከታተል ያለብዎ የጢሱን ሰዓት ነው። በደካማ ዊስኪ ጢሱ ገና ሲገባ ይጮኻል፣ ከዚያ ምላስ ላይ ውኃ ብቻ ይቀራል። በደኅናው መጀመሪያ ጣፋጭነት ይመጣል፣ መሃል ላይ ጢሱ ይነሣል፣ ጣፋጩ ግን አይሞትም፤ ሲዋጥም ሁለቱ አብረው ይወርዳሉ። ውፍረቱንም ያስተውሉ፤ እንደ ውኃ ቀጭን ነው፣ እንደ ዘይት የሚያልፍ ነው፣ ወይስ እንደ ብርዝ ምላስን የሚያለብስ? ጢስ የበዛበት ዊስኪ ቀጭን ሲሆን አመድ የላሱ ያህል ያደርቃል።

ከዚያ ሰዓትዎን ይዩ። ከዋጡ በኋላ ጣዕሙ ስንት ደቂቃ ይቆያል፣ የሚቆየውስ ምንድን ነው? ጢሱ ረጅም ጊዜ መቆየቱ ብቻውን ምስጋና አያሰጠውም፤ የተቃጠለ ጎማም ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ውኃ መጨመር

ውኃ የጨመረ ሰው ደካማ ጠጪ ነው የሚል እምነት በእኛ ዘንድ ስለበረታ ብዙዎች ይህንን ደረጃ ይዘሉታል። ስዊድን ውስጥ በሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳዩት፣ ጓያኮል የአልኮሉ መጠን ከ59 በመቶ በላይ በሆነ ድብልቅ ውስጥ በአልኮል ተከብቦ ወደ ውስጥ ይገባል፤ መጠኑ ወደ 45 በመቶና ከዚያ በታች ሲወርድ ደግሞ ወደ ፈሳሹ ገጽ፣ ማለትም ወደ አፍንጫችን ይቀርባል። ስሌቱ የተሠራው በአልኮል፣ በውኃና በጓያኮል ብቻ ስለሆነ የዊስኪውን ሁሉ ነገር አይነግረንም፤ ግን አንዱን ዋና የጢስ ውህድ በተመለከተ ብርጭቆው ላይ ከሚሆነው ጋር ይስማማል።

ልኩ የሚሰላው እንዲህ ነው፦ የዊስኪውን መጠን በአልኮሉ መቶኛ አባዝተው በሚፈልጉት መቶኛ ያካፍሉ፤ ከተገኘው ላይ የዊስኪውን መጠን ሲቀንሱ የውኃው መጠን ይቀራል። 25 ሚሊ ሊትር ባለ 46 በመቶ ዊስኪን ወደ 40 ለማውረድ 3.75 ሚሊ ሊትር፣ ከሲሪንጁ ሦስት አራተኛ ያህል ውኃ ይበቃል፤ ወደ 30 ለማውረድ በድምሩ 13 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ባለ 60 በመቶ ከሆነ ግን 40 ለመድረስ ብቻ 12.5 ሚሊ ሊትር ይጠይቃል። ውኃውን በአንድ ጊዜ አያፍስሱ። ጥቂት ጨምረው ያሽትቱ፣ ይቅመሱ፣ ይጻፉ፣ ደግመው ይጨምሩ። ክሎሪን የሚሸት የቧንቧ ውኃ የክሊኒኩን ጠረን በሐሰት ስለሚያባዛው የታሸገ ወይም የምንጭ ውኃ ይጠቀሙ፤ ጋዝ ያለውን አይጠቀሙ። በረዶ ለመመዘን ሥራ ፈጽሞ አይገባም፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ማን ይፈልገዋል።

ውኃ ሲገባ ሁለት ነገር ሊከሰት ይችላል። ወይ ጢሱ ተዘርግቶ ፍራፍሬውና ብቅሉ ይወጣሉ፤ ወይ መጠጡ ይፈርስና እርጥብ ካርቶን ይሆናል። የመጀመሪያው በርሜሉና ብቅሉ ደኅና እንደነበሩ፣ ሁለተኛው ደግሞ አልኮሉ ድክመትን ሲሸፍን እንደነበር ያሳያል።

ጉድለትን ከባሕርይ መለየት

ጀማሪ ቀማሽ በጣም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሬንጅ፣ አዮዲን፣ አመድና የረጠበ ሱፍ የዚህ ዊስኪ ባሕርይ ናቸው፤ ባይወዷቸውም በነጥብ አይቅጡባቸው። ጉድለት የሚባሉት ሌሎች ናቸው። የተጫረ ክብሪትና የተቀቀለ እንቁላል ሽታ ድኝ መኖሩን ያመለክታል፤ ጥቂቱ ሲታለፍ ብዙው ጉድለት ነው። የላብና የቆየ አይብ ሽታ ማውጣቱ ከመጠን በላይ ዘግይቶ መቆረጡን ይጠቁማል። የቀለም ማቅጠኛ የሚመስል ጥሬ አልኮል ያልበሰለ ዊስኪ ነው። ምላስን እንደ ጌሾ ቅጠል የሚያስር ምሬት ደግሞ በርሜሉ እንዳየለ ይናገራል።

ለፍርዱ እኔ ከ100 ነጥብ እመዝናለሁ። ለመዓዛው 30፣ በአፍ ላለው ጣዕም 30፣ ለሚቀረው ጣዕም 15 እሰጣለሁ። ቀሪዎቹን 25 ነጥቦች በሙሉ የምይዘው ለአንድ ጥያቄ ነው፦ ጢሱ ከዚህ መጠጥ ላይ ቢነሣ የሚጠጣ ነገር ይቀራል ወይ? በዚህ ጥያቄ በርካታ ዝነኛ ጠርሙሶች ሲወድቁ አይቻለሁ፤ 35 ፒፒኤም ያለው 100 ካለው በላይ ሲያገኝም እንዲሁ። ነጥቡን ከመስጠትዎ በፊት የጠርሙሱን ስምና ዋጋ የማያውቅ ሌላ ሰው ቢቀዳልዎ ይመረጣል። ሦስት ጓደኛሞች ሆነን ስንሠራ አንዳችን ውጪ ቀድተን ቁጥር በተጻፈባቸው ብርጭቆዎች እናስገባለን፤ ሁሉም ጽፎ እስኪጨርስም ማንም አይናገርም። አንድ ሰው ጮክ ብሎ «ቋንጣ!» ካለ የሁሉም አፍንጫ ቋንጣ ማግኘቱ አይቀርም።

ጠርሙሱን ከዘጉ በኋላ ቀጥ አድርገው፣ ብርሃን በማይደርስበት ቁም ሳጥን ያኑሩት፤ አስተኝተው ካስቀመጡት አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ግማሹ ካለቀ ጢሱ በወራት ውስጥ እየሳሳ ስለሚሄድ ወደ አነስተኛ ጠርሙስ ያዛውሩት። የተቀመሰበትን ብርጭቆ ግን በዚያው ምሽት አይጠቡት። በላዩ የሻይ ማስቀመጫ ሰሃን ደፍተው ያሳድሩትና ጠዋት፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ ሰሃኑን አንሥተው አንድ ጊዜ ያሽትቱ። አልኮሉ ስለሄደ የቀረው ደረቁ ዝቃጭ ነው፤ ከጢሱ ጎን ማር ወይም ቆሎ ከተገኘ ለጥያቄው የሰጡትን ነጥብ ከፍ ያድርጉት፤ ቀዝቃዛ አመድ ብቻ ከሆነ ዝቅ ያድርጉት። ከዚያ በኋላ ብርጭቆውን በሙቅ ውኃ ይለቅልቁት።